ተቃዋሚው እንደራሴና የመተማው የቀን ሠራተኛ

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ያገኙት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከአዲስ አበባ የተመረጡት የአቶ ግርማ ሰይፉ ነው። አንድ ድምፅ ሕግ አያስጥልም። ታዲያ አንድ ተቃዋሚ ለሕዝብ ጤና ምን ሊሠራ ይችላል? በመተማ ቆላ ምሳሌ እንመልከተው።

በየዓመቱ ብዙ የደጋ ወጣት ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ወደ መተማ ይወርዳል። በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ነክሳ የካላአዛርን ተውሳክ ታስተላልፍበታለች። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ሰውየው አገሩ ከገባ ወዲያ ነው፤ ትኩሳት ይበረታበታል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድለዋል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው።

ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ግድ ስለሆነ ይህ ሠራተኛ በመተማ ድምፅ የለውም። የደጋው ተወካይ ደግሞ በሽታውን የቆላ ጉዳይ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። እንዲህ ሲሆን በሽተኛው ተናጋሪ ያጣል።

ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 54 እያንዳንዱን እንደራሴ የመላው ሕዝብ ተወካይ ያደርገዋል። በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። እንግዲህ ተቃዋሚው፣ ብቻውንም ቢሆን፣ «የደጋው ጤና ጣቢያ ካላአዛርን እንዲመረምር ስንት ብር ተያዘ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በቃለ ጉባኤ ማስጻፍ ይችላል።

እኛም ተማሪዎች ለየወረዳችን እንደራሴ ይህንኑ ጥያቄ ጽፈን እንላክ።