ትምህርት 14፦ ምክንያትና ውጤት፤ የንዝረት መርማሪው ሙያ

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች ሆይ፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደ ቆሼ ከተማ ብትሄዱ፣ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቆማችሁ የአየር መጭመቂያውን፣ ማለትም ኮምፕረሰሩን፣ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሞተሩ ሲነሣ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከእርሱ የሚወጣው ቧንቧም አብሮ ይርገበገባል። ይህ እንቅስቃሴ ንዝረት ይባላል።

ፒስተን አየርን የሚገፋው እንደ ወንዝ ውኃ ሳያቋርጥ ሳይሆን እየቆራረጠ ነው። በደቂቃ 900 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ፒስተን ኮምፕረሰር ቧንቧውን በሴኮንድ 15 ጊዜ ይመታዋል። ቧንቧውም ሲነካ የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው። ሁለቱ ምቶች ከተገጣጠሙ፣ ዥዋዥዌ የሚጫወትን ሕፃን በየምላሹ ጊዜውን ጠብቆ እንደ መግፋት ነው፤ ትንሹ ግፊት እየተደራረበ ታላቅ ውዝዋዜን ይወልዳል። በሴኮንድ 15 ምት ማለት ከ19 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ምት ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ምት የማይበገረው ብረት በምቶች ብዛት ዝሎ ይሰነጠቃል።

ስንጥቁን ያየ ሁሉ «ይበየድ» ይላል፤ መሐንዲሱ ግን «ለምን ተሰነጠቀ?» ብሎ ይጠይቃል። መለኪያውን በቧንቧው ላይ አሳርፎ የንዝረቱን ፍጥነትና ብርታት ያነባል፤ ከሞተሩ ዙር ጋርም ያስተያያል። ከዚያም ቧንቧው በማቀፊያ እንዲጠብቅ ወይም የአየሩን ምት የሚያበርድ ማጠራቀሚያ እንዲገባለት ያዛል።

ይህ ሥራ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በሩሲያ፣ በሳያኖ ሹሼንስካያ የውኃ ኀይል ማመንጫ፣ የአንድ ተርባይን መክደኛ የታሰረባቸው ብሎኖች በንዝረት ዝለው ስለ ነበር ተበጠሱ፤ ውኃው ጣቢያውን አጥለቅልቆ 75 ሰዎች ሞቱ።

ለዚህ ሙያ የሚዘጋጅ ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስን ጠንቅቆ ሊያውቅ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስናን ሊያጠና ይገባዋል። ነገር ግን ያገኘውን ምክንያት በግልጽ ጽፎ ማስረዳት ካልቻለ ማሽኑን የሚያቆምለት አይኖርም።

ለ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ቧንቧው ከተበየደ በኋላ ተሰነጠቀ።
2. ቧንቧው በሚገባ ስላልታሰረ ተሰነጠቀ።
3. ቧንቧው ተሰነጠቀ፤ ምክንያቱም በሚገባ አልታሰረም ነበር።

የመጀመሪያው የሚነግረን የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ምክንያቱን ይገልጣሉ። በ«ስለ» ስንጠቀም ምክንያቱ ይቀድማል፤ በ«ምክንያቱም» ስንጠቀም ውጤቱ ይቀድማል። አንድ ነገር ሌላውን ስለ ተከተለ ብቻ ውጤቱ ነው አይባልም።

ሐ. መልመጃ

1. ምክንያቱ ሳይወገድ የተበየደ ቧንቧ ምን የሚደርስበት ይመስላችኋል? ለምን?
2. «ዛለ» የሚለው ቃል ለሰውና ለብረት ሲነገር ያለውን ልዩነት በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አሳዩ።
3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ የእህል ወይም የበርበሬ ወፍጮ ከሩቅ ተመልክታችሁ፣ ያያችሁትን ንዝረትና ምክንያቱን በሁለት አንቀጽ ግለጡ። «ስለ»ን፣ «ምክንያቱም»ንና «ከዚህ የተነሣ»ን በየተገቢው ስፍራ አግቡ።