ትራቭል፥ ጆርኒ፥ ቮዬጅ፥ ሺፕመንት፤ ለመንገደኛ ነጋዴ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት

በአማርኛችን «መንገድ» ወይም «ጉዞ» ብለን በአንድ ቃል የምንገላገለውን ነገር እንግሊዞች በአራትና በአምስት ቃል ከፋፍለው ይጠሩታል። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ቃላቱን ቢያማታ እምብዛም አይጎዳም፤ ቡና፥ ማርና ኮረሪማ ይዞ ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ ግን በአንድ ቃል ምክንያት ገንዘቡ በባንክ ሊታገድበት ይችላል።

«ትራቭል» መንገደኝነትን በጠቅላላው የሚያመለክት ነው። ጥንት ድካምና ልፋት ማለት ከነበረ የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ነው፤ የማሻን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ስም ሲሆን በቁጥር ስለማይነገር በደብዳቤ ላይ «ኤ ትራቭል» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ «ኤ ትሪፕ» ይባላል። «ትሪፕ» አጭር የደርሶ መልስ መንገድ ነው። ሾፌሮቻችን «ቢያጆ» የሚሉት ለዚህ ይቀርባል፤ ቃሉን ግን የወሰድነው ከጣሊያን ነው።

«ጆርኒ» ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ ሌላው እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው፤ ሥሩም «ቀን» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። አባቶቻችንም መንገድን በቀን ቈጥረው «የሦስት ቀን መንገድ» ይሉ የለምን? «ቮዬጅ» ግን በተለይ ለረዥም የውሃ ጉዞ ይነገራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተዋዋሉ በኋላ በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደዚያ ይወርድና ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። እስከ ጋምቤላ ያለው ጆርኒ፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ቮዬጅ ነው። ዛሬም በመርከብ ጭነት ሰነድ ላይ «ቮዬጅ ነምበር» የሚለው የመርከቡን ጉዞ ቍጥር ነው፤ የካሚዮኑን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ሺፕመንት» ነው። በተራ ንግግር ዕቃን በካሚዮን መላክም ሺፕመንት ይባላል። ነገር ግን ገዥው በከፈተው ኤል ሲ ላይ «ሌተስት ዴት ኦፍ ሺፕመንት» ተብሎ የባሕር ጭነት ሰነድ ሲጠየቅ፥ የሚቈጠረው ቡናው ከማሻ የተነሣበት ወይም አዲስ አበባ የገባበት ቀን ሳይሆን በወደብ መርከብ ላይ የወጣበት ቀን ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ዩ ሲ ፒ 600 በተባለው ደንብ መሠረት፥ ሰነዱ ከዚህ ቀን አልፎ ቢገኝ ባንኩ አልከፍልም ለማለት መብት አለው። ስለዚህ ነጋዴው ውሉን ሲዋዋል ብጠራውን፥ ምርመራውን፥ የጅቡቲውን መንገድና የወደቡን ወረፋ አስቀድሞ ማስላት አለበት። ዕቃው ገዥው ዘንድ የሚደርስበት ቀን ደግሞ «አራይቫል» ነው፤ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሰው መጓጓዣ ዋጋ «ፌር»፥ የዕቃው «ፍሬይት» ይባላል። በኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ የሸጠ ሰው የባሕሩን ፍሬይት ለገዥው ስለሚተው ሰነዱ ላይ «ፍሬይት ኮሌክት» ይጻፋል፤ ሻጩ ራሱ የሚከፍል ሲሆን «ፍሬይት ፕሪፔይድ» ነው። ኤል ሲው አንዱን ጠይቆ ሰነዱ ሌላውን ቢናገር ይህም ለመታገድ ይበቃል።

ለቪዛ ማመልከቻ የሚሞላ ሰው ደግሞ የጉዞው ምክንያት ሲጠየቅ «ዎርክ» ብሎ እንዳይጽፍ። በአማርኛ ሁለቱም «ሥራ» ቢባሉም፥ «ዎርክ» በዚያ አገር ተቀጥሮ ደመወዝ መቀበልን ያሰማልና የሥራ ፈቃድ ጥያቄ ያስነሣል። ደንበኛ ለመጎብኘት፥ ናሙና ለማሳየት ወይም ውል ለመነጋገር የሚሄድ ነጋዴ «ቢዝነስ» ብሎ ይሙላ፤ ጋባዡም በላከው ደብዳቤ ላይ ይህንኑ ቃል እንዲጽፍለት አስቀድሞ ያሳስበው።