በጎ ፈቃደኛው ሲመለስ ትምህርቱ ከማን ጋር ይቀራል?

መግቢያ

ክረምት በገባ ቁጥር የግቢያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጥሪ አያጣም። ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ወዘተ. ተብሎ ይዘረዘራል። ከእነዚህ ሁሉ ብዙዎቻችን ቀለል አድርገን የምናየው የመጨረሻውን ነው። ችግኙ እንኳ ጉድጓድ መቆፈር አለው፤ "ሀ ሁ ማስቆጠር ግን ምን ይከብዳል?" እንላለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተሳሰብ መፈተሽ ነው። ትኩረቴ በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ላይ ነው። ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ስንደርስ ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እስከ ራስ ደጀን ድረስ፣ ማለትም ከ4,500 ሜትር በላይ፣ የሚወጣው የሰሜን ተራሮች አገር አለ። እኔም እስከ 4ኛ ክፍል የተማርኩት ከደባርቅ ከፍ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ በጎ ፈቃድ አስተማሪ የማውቀው በተማሪነት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ያሳስባል?

አንድ ልጅ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገባ እንበል። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ በዕድሜው የላይኛው ክፍል ተማሪ ነው፤ ማንበብ ግን ላይችል ይችላል። ታናናሾቹም ከእሱ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ መደበኛው መምህር ብቻውን ይህን ክፍተት መሙላት ስለማይችል ረዳት መፈለጉ አይቀርም። ረዳቶቹ ደግሞ እኛ ነን። ጥያቄው መሄድ አለብን ወይስ የለብንም የሚል ብቻ አይደለም። ሄደን ምን ትተን እንመለሳለን የሚለውም ነው።

ከእኛ በፊት የሄዱ

ተማሪን ወደ ገጠር ልኮ ማስተማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ "የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት" የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኛው የተመደበው በአስተማሪነት ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. "የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ" ታወጀና ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ፊደል ማስቆጠር አንዱ ሥራቸው ነበር። ነገር ግን በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ዘማቹ ገበሬ ማኅበር ማደራጀት ውስጥ ገባ፤ ትምህርቱም በፖለቲካው ተዋጠ ለማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ይህ ዘመቻ በዙር በዙር እየተከፈለ ለዓመታት የቀጠለ ሲሆን፣ በሂደት በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በ1972 ዓ.ም. ማብቂያም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል።

ከእነዚህ ሦስቱ እኔን የሳበኝ የመጨረሻው ነው። በፖለቲካው ላይ ብዙ ሊባል ይችላል፤ እሱን ለታሪክ ሰዎች እተዋለሁ። በአሠራሩ ግን አንድ ብልሃት ነበረው። በመጀመሪያው ዙር ያልተሳካለት ሰው በሚቀጥለው ዙር ማካካሻ ትምህርት ያገኛል። የተሳካለት ደግሞ እንዳይረሳ ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሚባል ተከታይ ትምህርት፣ የንባብ ጽሑፍና የንባብ ክፍል ነበረለት። በሌላ አነጋገር ዕቅዱ ሲነደፍ ዘማቹ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ታስቦበታል። የዛሬው የክረምት አገልግሎት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ደጋው የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው

ከከተማ የሚሄድ አስተማሪ መጀመሪያ የሚደነቀው በቀሪው ብዛት ነው። ስም ሲጠራ ግማሹ የለም። ወዲያው "ወላጆች ስለ ትምህርት ግንዛቤ የላቸውም" ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

የሰሜን ደጋ ዋና እህሉ ገብስ ነው። ገብስ ማሳ ላይ እያለ ጭላዳ ዝንጀሮ ይወርደዋል። ጠባቂው ደግሞ ልጅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ይመጣል። በጎቹም ቢሆኑ ያለ እረኛ አይውሉም። ጠዋት ውርጩ እስኪለቅ ድረስ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ መንገድ መጀመር አይችልም። በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ሰው አይታይም፤ ወንዝም ይሞላል። ስለዚህ ልጁ የቀረው ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን ተራው ስለደረሰ ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት እኔና ታላቅ እኅቴ በፈረቃ ነበር የምንማረው፤ አንዳችን ስንማር አንዳችን በግ እንጠብቃለን። ማታ የዋለው ላልዋለው ያስረዳል።

ይህን የሚያውቅ አስተማሪ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ የትምህርት ሰዓቱን ከአካባቢው ሰው ጋር ተማክሮ መወሰን ነው። በደጋው በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ የሚያከብር ሰው አያርስም፣ አያጭድም። በእነዚህ ቀናት ትልልቆቹ በጎቹን ሊይዙ ስለሚችሉ ልጆቹ ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት በዚያው ዕለት እንዲያልቅ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ትናንት ለቀረው ልጅ የዛሬው ትምህርት ጨርሶ የማይገባው ከሆነ ነገም ይቀራል።

ፊደል መሸምደድና ፊደል መለየት

ብዙ ልጆች ሀ ሁን ከዳር እስከ ዳር ይወርዱታል። ጣታችንን መሐል ላይ አሳርፈን "ይቺ ማናት?" ስንላቸው ግን ከላይ ጀምረው እየቆጠሩ ካልመጡ አያውቋትም። ይህ መሸምደድ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ችግር የቄስ ትምህርት ቤት ድሮ ነቅቶበታል። የኔታ ሀ ሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳ ያስጠናሉ። አቡጊዳ ፊደሉን ከለመደው ቅደም ተከተል አውጥቶ ስለሚደበላልቀው ተማሪው በዜማ ተሸክሞት መሄድ አይችልም፤ ዓይኑ መለየት አለበት። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ ከቁጥር ንባብ እስከ ቁም ንባብ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ዳዊት ይደግማል። እኛ "ዘመናዊ ዘዴ" ብለን ካርድ ቆራርጠን የምናደርገው ነገር መሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። በጎ ፈቃደኛው በቀበሌው የኔታ ካሉ ሄዶ ቢያማክራቸው ያተርፋል።

ሒሳቡንም እንየው። 33 የፊደል ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው። በሳምንት 4 ቤት ብናስጠና 33ቱን ለመጨረስ ከ8 ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ሁለት ወር ክረምት ማለት ያው ይኸው ነው። ክለሳ የለ፣ ንባብ የለ፣ ጉም የለ፣ ወንዝ ሙላት የለ ብለን ነው ይህን ያሰብነው። ስለዚህ "በሁለት ወር ማንበብ አስተምሬ እመለሳለሁ" ማለት አያስኬድም። ልጁ ስሙን የሚጽፍባቸውን፣ የቤተሰቡን ስም፣ በግ፣ ገብስ፣ ውኃ የሚሉትን ቃላት የያዙ ፊደላትን አስቀድሞ ማስያዝና ቀሪውን ለሚቀጥለው ሰው ማስረከብ ግን ይቻላል።

የሚቀረው ሰው

በ2006 ዓ.ም. ክረምት እኛ ዘንድ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ ነበር። በካርቶን ላይ ፊደል እየጻፈ በትኖ ያስለቅመን ነበር። እኛ እንደ ጨዋታ ነበር የምናየው። ሲሄድ "ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ" አለን። ደብዳቤው አልመጣም። መስከረም ላይ ጥቂት ልጆች "እሱ ካልመጣ" ብለው ሳምንት ያህል መቅረታቸውን አስታውሳለሁ።

ዓምና የዚያን ጊዜ መምህሬን ጎንደር ከተማ አገኘኋቸው። "ቲቸር፣ ያ ልጅ ግን ምን ጠቀመን?" አልኳቸው። "እናንተን እንኳ ሁለት ወር ነው" አሉኝ። "እኔን ግን ካርቶኑን አሳይቶኛል። እስካሁን በሱ ነው የማስተምረው።" ልጁ በየቀኑ ከክፍል በኋላ ቁጭ ብሎ የዋለበትን ያሳያቸው እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የልጁ ደብዳቤ አለመምጣት እኛን ጎድቶናል፤ ይህ አይካድም። የማይጠበቅ ቃል ለሕፃን መግባት አይገባም። ነገር ግን ከሱ በኋላ በዚያ ክፍል ያለፈ ልጅ ሁሉ የሱ ተማሪ ነው። በጎ ፈቃደኛ የመደበኛውን መምህር ወንበር ከያዘ ሲሄድ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ከመምህሩ ጎን ከተቀመጠ ግን የሚተወው ነገር ይኖረዋል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

በጎ ፈቃድን በተመለከተ የምንሰማው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የተሰማራውን ወጣት ቁጥርና በብር የተተመነውን አገልግሎት ይነግረናል። ምስሉም ቲሸርት የለበሰ ወጣትና ፈገግ ያለ ሕፃን ነው። ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ? በጥቅምት ወር ያ ክፍል ምን ይመስላል? መደበኛው መምህር ምን ይላሉ? እነዚህን የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። በልምምድ ጊዜያችን ዘገባውን በሐምሌ ሠርተን ብንጨርስ ግማሽ ሥራ ነው። በጥቅምት ተመልሰን ብንሠራው ሌላ ዜና እናገኛለን ብዬ አምናለሁ።

ማጠቃለያ

ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ወደ ደጋው የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሚተካችሁን ወይም አብሯችሁ የሚሠራውን መምህር ስም ጠይቁ። የእርሻውን ጊዜ እወቁ። የጀመራችሁትን የት ላይ እንዳቆማችሁ በአንድ ደብተር ጽፋችሁ ለመምህሩ አስረክቡ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብዳቤ እጽፋለሁ ካላችሁ ደግሞ ጻፉ። እዚያ ማንበብ የጀመረ ልጅ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል።