«ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ክትባቱን ልውሰድ ወይስ ልተወው?»

 

በዚህ ሳምንት አንዲት እህት በድምፅ መልእክት አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። ስሟን ሳልጠቅስ ጥያቄዋን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች። ያደገችው እዚሁ ጨፋ ሮቢት ነው፤ አሁን ከባለቤቷ ጋር ጂዳ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ለክትትል በሄደችበት ክሊኒክ የዘንድሮውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንድትወስድ ተነገራት። «አስቤበት ልመለስ» ብላ ወጣች።

ማታ እናቷ ጋር ደወለች። እናት፦ «እኔ ስድስቱን ስወልድ ማን መርፌ ወጋኝ? አላህ ጠባቂ ነው፤ ያልታወቀ ነገር ሰውነትሽ ውስጥ አታስገቢ» አሏት። ባለቤቷ «እንደፈለግሽ» ብሎ ዝም አለ። ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ የተላከላት ድምፅ ደግሞ ክትባት ሴትን ያመክናል ይላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እኔን የጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ ወስጄው ልጄ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ አላህ ይጠይቀኛል? ትቼውስ ብታመም?»

የእህታችን ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሰፊው እንየው።

*ያላወቀ ይጠይቅ*

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ወንድም ከሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ ነፍሰ ጡር ባለቤቱን ጤና ኬላ ላይ ክትባት ሊወጓት እንደሆነ ነገረኝና «ምን ትላለህ?» አለኝ። ክትባቱ ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩትም። «ከተጠራጠርክ ተወው፣ በአላህ ተመካ» ብዬ አሰናበትኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ሴትየዋ በሰላም ወለደች። እኔ ግን በሌላ ቀን አንድ ሐዲስ ሳስተምር ያ መልሴ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሐዲሱን ጃቢር (ረ.ዐ.) አስተላልፈውታል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ቆሰለ፤ ከዚያም ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን በተየሙም መብቃቃት ይችል እንደሆነ ጠየቃቸው። እነሱም ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሬው ሲደርሳቸው በብርቱ ተቆጡ፤ የገደሉት እነሱ እንደሆኑ ተናገሩ፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ።

አስተውሉ። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ለዲን የተቆረቆሩ መስሏቸው ነበር። ጥፋታቸው በማያውቁት መናገራቸው ነው። ዛሬ በድምፅ መልእክት «አትውሰዱ» የሚልም፣ ሳያጣራ «ውሰዱ» የሚልም፣ እንደ ያኔው እኔ ሳይጠይቅ የሚመልስም፣ ይህን ሐዲስ ሊያስታውስ ይገባል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል የማናውቀውን የዕውቀት ባለቤቶችን እንድንጠይቅ አዞናል። ስለ ሐላልና ሐራም ዓሊም ይጠየቃል። ስለ ማህፀንና ስለ መርፌ ደግሞ ሐኪምና አዋላጅ ይጠየቃሉ።

*ሳይታመሙ መድኃኒት መውሰድ ይፈቀዳል?*

«በሽታው ሳይመጣ መከላከል በቀደር አለማመን አይሆንም ወይ?» የሚሉ አሉ። አይሆንም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠዋት ሰባት የዐጅዋ ቴምር የበላ ሰው በዚያ ቀን መርዝም ሆነ ድግምት እንደማይጎዳው ተናግረዋል። ሸይኽ ኢብኑ ባዝ (ረሒመሁላህ) ስለ ክትባት በተጠየቁ ጊዜ ይህንኑ ሐዲስ ማስረጃ አድርገው፣ በሽታ ከመምጣቱ በፊት መከላከል ችግር እንደሌለበት መልሰዋል።

ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ሲወስኑ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው ቀደሩ እንደሚሄዱ መለሱ፤ ምሳሌም ሰጡ፦ ግመሎች ያሉት ሰው አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ቢደርስ የትም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር አይደለም ወይ?

ይህ ምሳሌ ለጨፋ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በበጋ ከአፋር ሜዳ ድረስ ከብቶች እየተነዱ ወደ ቦርከና ዳር፣ ወደ ጨፋ ሣር ሲመጡ እያየን ነው ያደግነው። እረኛው ከብቶቹን ደረቁ ላይ ትቶ «ተወከልኩ» አይልም። ለምለሙን ይመርጣል፤ ከዚያም አላህ እንዲጠብቅለት ዱዓ ያደርጋል። ተወኩል ማለት ይህ ነው።

*የዕውቀት ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?*

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞችን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ኢንፍሉዌንዛ ከተራ ጉንፋን ይለያል። ኃይለኛ ትኩሳትና ሳንባን የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሴት ልብ፣ ሳንባና የበሽታ መከላከያ አቅም ስለሚለወጥ በሽታው ይበረታባታል። አላህ እናት ልጇን በድካም ላይ ድካም ተጨምሮባት እንደምትሸከመው በሱረቱ ሉቅማን ያስታወሰን በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አዲሱ የኤች ዋን ኤን ዋን ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፣ በአሜሪካ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 በመቶ ያህል ሲሆኑ ከሞቱት ግን 5 በመቶ ያህሉ እነሱ ነበሩ። በእኛም ሀገር አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» የሚሉት፣ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው ወረርሽኝ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የአቋም ጽሑፍ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሚሰጣቸው ሁሉ ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ እንዲሰጥ መክሯል።

የልጁስ ጉዳይ? ይህ ክትባት ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም። ስለዚህ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠበቀው እናቱ በማህፀን ሳለ ባስተላለፈችለት መከላከያ ነው። ሙስሊሞች በሚበዙባት ባንግላዴሽ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ ወራት ከተከተቡ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት፣ ካልተከተቡት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በምርመራ በተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ የመያዛቸው ዕድል በ63 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ክትባቱ ሙሉ ዋስትና አይደለም። ጥሩ በሠራባቸው ዓመታት እንኳ ከበሽታው የሚያድነው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን ነው። የተከተቡ አንዳንድ ሰዎች ይታመማሉ። ክንድ ሊያም፣ አንድ ሁለት ቀን ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ከባድ አለርጂ የሚያጋጥመው በጣም ጥቂት ሰው ነው፤ ግን ያጋጥማል።

*«አዲስ ነው» እና «ሐራም አለበት»*

እህታችንን ያስፈራት አንዱ «የዘንድሮው» የሚለው ቃል ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በየጊዜው መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለሚቀጥለው ወቅት የትኞቹ የቫይረስ ዓይነቶች እንደሚካተቱ ይመክራል። የሚለወጠው ይህ ነው፤ አሠራሩ ግን አሮጌ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ለነፍሰ ጡሮች መሰጠት ከጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በውስጡ ያለው ቫይረስ ሕይወት ስለሌለው ጉንፋኑን ራሱን ሊያመጣ አይችልም። በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የአሳማ ጄላቲን ይገኝበታል ተብሎ በብዛት የሚነሳውም ይኸው በአፍንጫ የሚሰጠው ነው። በመርፌ የሚሰጡት አብዛኞቹ የሚዘጋጁት በዶሮ እንቁላል ነው። የጠረጠረ ሰው ስለሚሰጠው ክትባት ይዘት መጠየቅ መብቱ ነው፤ መልሱ ክትባቱ ማሸጊያ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

«ያመክናል» የሚለው ወሬ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በጎረቤታችን ኬንያ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይኸው ተወርቶ ብዙ እናቶችን አስደንግጧል። በሱረቱ አል-ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል። አጣሩ። ማን ተናገረው? ምን ዓይነት ዕውቀት አለው? ስሙን ለመናገር የማይደፍር ሰው ስለ ማህፀንሽ እንዲወስን ለምን ትፈቅጂለታለሽ?

*እናቶቻችን ያለ መርፌ ወልደው የለም ወይ?*

ይህ የእናት ቃል ስለሆነ በክብር እንመልሰው። እህታችንን አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ «እናትሽ ስድስት ወልደው ስንቱን አሳደጉ?» ዝም አለች፤ ቀጥላ «አራታችንን» አለች። ሁለቱ ዐቂቃቸው ሳይወጣ ሄደዋል። በምን እንደሞቱ ማንም አላወቀም። አላህ ለወላጆቻቸው የአኼራ ስንቅ ያድርጋቸው።

በየቤታችን እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። ቀድሞ ጡት ሲጠባ የነበረ አራስ ልጅ በድንገት መጥባት አቅቶት፣ ሰውነቱ ደርቆ የሚሞትበት በሽታ ነበር። ይህ የመንጋጋ ቆልፍ ነው፤ እትብት በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ሲቆረጥ ወይም የማይገባ ነገር ሲቀባ የሚገባ። በሀገራችን ለነፍሰ ጡሮች በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው ክትባት ይህን ለመከላከል ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። በሽታው ግን ከአፈር አይጠፋም፤ ክትባቱ ከቆመ ይመለሳል። ያ ወንድም የጠየቀኝም፣ እኔም ሳላጣራ «ተወው» ያልኩት ክትባት ይኸው ነበር።

እዚህ ሀገር ቤት ያላችሁ እህቶች ይህን አስታውሱ፦ መጀመሪያ ለምትከተብ ሴት ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ከወሊድም ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ይሰጣል። አምስቱን በጊዜው የጨረሰች ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ ሁሉ ትጠበቃለች። ካርዳችሁን አትጣሉ።

*እህቴ ሆይ፣ እንዲህ አድርጊ*

አንደኛ፣ ወደ ክሊኒኩ ጥያቄሽን ጽፈሽ ተመለሺ፦ በመርፌ የሚሰጠው ነው ወይስ በአፍንጫ? በውስጡ ምን አለ? ምን ዓይነት ምልክት ካየሁ ፈጥኜ ልመለስ? ከዚህ በፊት መርፌ ወይም መድኃኒት ሰውነትሽን አሳብጦ ወይም ትንፋሽ አሳጥሮሽ ከሆነ፣ አሁንም ትኩሳት ካለብሽ፣ ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ሁለተኛ፣ ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ። ወንድሜ፣ «እንደፈለግሽ» ማለት ምክር አይደለም። እሷ ልጅህን ተሸክማለች፤ አንተ ቢያንስ ጥያቄውን ተሸከም። አብረህ ስማ፣ ዐረብኛው ካስቸገራት አስተርጉም። ውሳኔዋን ስትወስን ከጎኗ ቁም።

ሦስተኛ፣ ከጠየቅሽ በኋላ ሁለት ረከዓ ሰግደሽ ኢስቲኻራ አድርጊ። ኢስቲኻራ መጠየቅን አይተካም፤ የጠየቅሽውን ለአላህ ማስረከቢያ ነው።

አራተኛ፣ ረመዷን ላይ ከዋለ አትጨነቂ። ለምግብነት ያልሆነ የጡንቻ መርፌ ጾም እንደማያስፈታ የዘመናችን አብዛኞቹ ዑለማ ተናግረዋል። ደግሞም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ጾሙን ማዘግየት ተፈቅዶላታል። ሸሪዓው ለማህፀንሽ ያለውን እዝነት ከዚህ ተረጂ።

*አላህ ይጠይቀኛል ወይ?*

አላህ የሚጠይቀን አቅማችን የቻለውን ሰበብ ስለማድረሳችን ነው፤ ውጤቱ በእጁ ነው። አዋቂ ጠይቃ፣ አመዛዝና፣ ኢስቲኻራ አድርጋ የወሰነች ሴት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምንም ይሁን ምን፣ ኃላፊነቷን ተወጥታለች። የሚያሰጋው በወሬ መውሰድና በወሬ መተው ነው። የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ ከላይ እንዳየሽው የዲኑም የሕክምናውም ማስረጃ ወደ መውሰዱ ያዘነብላል። የመጨረሻውን ቃል ግን ሰውነትሽን ያየችው ሐኪምሽ ከአንቺ ጋር ትነጋገርበት።

ከዚያ ለእናትሽ ደውይላቸው። አትከራከሪያቸው። «እማ፣ ጠይቄ ነው የወሰንኩት፤ አንቺ ደግሞ ዱዓሽን አትንፈጊኝ» በያቸው። መርፌው ሰበብ ነው፤ የእናት ዱዓም ሰበብ ነው። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። አብሽሪ።

አላህ በማህፀን ያሉትን ይጠብቅልን፤ ያረገዙትን በሰላም ያገላግልልን፤ በሕፃንነታቸው የሄዱብንን የጀነት ወፎች ያድርግልን። ከማናውቀው ከመናገርም ይጠብቀን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።