ስለ ፖለቲካ ጦማሪዎች ኃይልና ስለ አንባቢው ኃላፊነት

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሰማውን ለጎረቤቱ ሳያወራ አያድርም። በእኛም አገር፣ በጨርጨር ደጋም ሆነ በሚኤሶ ቆላ፣ መንገደኛ ከሩቅ ሲመጣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያውና ስለ ሰላሙ ነው። ወሬውን የሚቀበለውም ሰው የነጋሪውን ስምና አገር ጠይቆ ስለሚያውቅ፣ ሐሰት ያወራ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ማፈሩ አይቀርም ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ብዙው ወሬ የሚመጣው በመንገደኛ እግር ሳይሆን በእጅ ስልክ ነው። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ከሰዓት በኋላ ለበርጫ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ከስልኩ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ሌሎቹም ባነበበው ነገር ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ፖለቲካ ጦማሪዎች፣ ይኸውም በኢንተርኔት ላይ በራሳቸው ገጽ ስለ አገር አስተዳደር ስለሚጽፉ ሰዎች፣ ያጠናሁትን በአጭሩ ለአንባብያን ላቀርብ ፈለግሁ። እኔ የአባቶችን ሥርዓት ከሚያከብሩት ወገን ነኝ፤ አስተያየቴንም የምገልጸው ከዚሁ ተነሥቼ ነው።

1ኛ/ ጦማሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ጦማር የግዕዝ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ማለት ነው። ጦማሪ ከጋዜጣ ጸሐፊ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ማተሚያ ቤትና ወረቀት አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የሚያርምለት አዘጋጅ የለውም። ሦስተኛ፣ አንባቢው ወዲያውኑ መልስ ሊሰጠው ይችላል። ከነዚህም ሁለተኛው ጥቅምም ጉዳትም አለበት፤ አራሚ የሌለው ብዕር እውነትን ሳይፈራ ለመጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ ስሕተትንም ያለ ከልካይ ይበትናልና።

2ኛ/ በአገራችን የታየው ታሪክ

የአስተዳደርን ጉድለት በጽሑፍ መንቀፍ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ የእንስሳትን ተረት መሠረት በማድረግ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር ደርሰዋል። ቴያትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ የጊዜውን አስተዳደር ይነካል ተብሎ ታገደ። ይሁን እንጂ እኚሁ ሰው ኋላ ከተማ አቀኑ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥትም አረቀቁ። ከዚህ የምንረዳው፣ ነቃፊ ሁሉ አፍራሽ አለመሆኑንና የሚነቅፍ ሰው የሚያንጽም ሊሆን እንደሚችል ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ለግል ጋዜጦች በር ከፈተ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ግን ብዙ ጋዜጦች ተዘጉ፤ አዘጋጆቻቸውም ታሰሩ። ስለሆነም ብዕረኞች ወደ ኢንተርኔት ፊታቸውን አዞሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በኢንተርኔት ያሉት ገጾችም ይታገዱ ጀመር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ጋዜጠኛና ጦማሪ የነበሩት አቶ እስክንድር ነጋ ተያዙ፤ በሐምሌም በሽብር ወንጀል የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ የተፈቱትም በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2004 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ የተባለው የወጣቶች ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ የተወሰደው ስምንት ዞኖች ካሉት ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ሲሆን፣ ዘጠነኛው ዞን ከወኅኒ ቤቱ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር ሕግም ተከሰሱ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብሩ ክስ ነጻ አላቸው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ታግደው የነበሩ 264 የኢንተርኔት ገጾች ተከፈቱ።

3ኛ/ ስለ ወግ አክባሪ ጸሐፊዎች

አንዳንድ ሰው ጦማሪ ሲባል የአዲስ ነገር ወዳጅ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚህ አይደለም። በአገራችን ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ታሪክና ስለ ባህል በጦማራቸው ሲጽፉ ብዙ አንባቢ አፍርተዋል፤ ኋላም የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሆኑ፤ በ2013ቱ ምርጫም ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በጦርነቱ ወራት ስላደረጉት ንግግር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በይፋ ነቀፋቸው። ይህም ብዕር ሰውን ወደ ሥልጣን ደጃፍ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ቃሉም ያን ጊዜ ይልቁንም እንደሚከብድ ያሳየናል።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ የወታደርነት ዘመን በ1970ዎቹ ተጻፉ የተባሉ ወረቀቶችን አቀረበ። ወግ አክባሪ ጦማሪዎችም የፊደሎቹ አቀማመጥ የጽሕፈት መኪና ሳይሆን የኮምፒዩተር ይመስላል ብለው ተከራከሩ። ጣቢያው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የወረቀቶቹን እውነተኛነት ለማረጋገጥ እንደማይችል አስታወቀ። ጦማሪዎቹ የረቱት በስድብ ወይም በጩኸት ሳይሆን፣ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ሊመረምረው በሚችል ማስረጃ ነው።

4ኛ/ ስለ ጉዳቱ

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በእኛ ዞን ሕዝቡ የሚነጋገረው በአብዛኛው በኦሮምኛ ሲሆን፣ ከሚነበበው ጽሑፍ ብዙው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አንባቢው እየተረጎመ ሲናገር «ይባላል» የምትለው ትንሽ ቃል በመንገድ ትወድቅና፣ ጸሐፊው የጠረጠረው ነገር በሰሚው ዘንድ የተፈጸመ ነገር ሆኖ ይቀራል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል፤ ኢንተርኔትም በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። ያን ጊዜ ክፉ ወሬ የሚያሰራጩት ብቻ ሳይሆኑ፣ ነጋዴውም ተማሪውም አብረው ተቀጡ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ እንደሚደርስበት ይደነግጋል። ሕጉ ብዙ ተከታይ ያለውን ጦማሪ እንደ ጋዜጣ ቈጥሮታል ማለት ነው።

5ኛ/ እንግዲህ ምን ይሻላል?

ከወግ አክባሪዎች መካከል «እነዚህን ጸሐፊዎች ዝም ማሰኘት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የአባቶቻችን ሥርዓት የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰማ መፍረድን አይፈቅድም፤ ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ከሳሽንም ተከሳሽንም ያናግራል። ጸሐፊ በታሰረ ጊዜም ወሬው አይቆምም፤ ስም የሌለው ወሬ ይሆናል እንጂ። ስም ከሌለው ወሬ ደግሞ ስሙን ጽፎ የሚናገር ነቃፊ እጅግ ይሻላል።

እርግጥ ስሙን ቢጽፍ የሚታሰርበት ጊዜ ስላለ ስሙን የሚሰውር ጸሐፊ አለ። እርሱን አንፍረድበት፤ ነገር ግን ስሙን ከሰወረ ሰው የሚጠየቀው ማስረጃ ስሙን ከገለጸው ሰው ይበልጥ ሊበዛ ይገባል።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አንድ ጽሑፍ ባነበብን ጊዜ እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ጸሐፊው ማን ነው? ነገሩን በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው? በሌላው ወገን ያለው ሰው ምን ይላል? ጽሑፉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ማን ነው? ለአራቱም መልስ እስክናገኝ ድረስ ለሌላ ሰው አናስተላልፍ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እጁን የሚያነሣው፣ ብዙ ጊዜ፣ አንድ ሰው ይህን ያህል ጥቂት ጥያቄ ሳይጠይቅ ባስተላለፈው ወሬ ነው። አንባቢው መርማሪ ከሆነ ጦማሪውም ተጠንቅቆ ይጽፋል፤ የአገራችንም ሸንጎ ይሰፋል።