ቁም ሳጥን ከማዘዝዎ በፊት እንጨቱን ይመዝኑ

ቁም ሳጥን ችግሩን በስሙ ይናገራል። ሳጥን ነበረ፤ አቆሙት። ልብስ በተጋደመ ሳጥን ይቀመጥ በነበረበት ጊዜ ክዳኑ በገዛ ክብደቱ ይገጥማል፤ እንጨቱ ትንሽ ቢጠም ወይም ቢከሳ ልብ የሚለው የለም። ሳጥኑ ሲቆም ክዳኑ በር ሆነ፣ በሩም በሁለት በሦስት ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ጥፋት ሁሉ በሩ ላይ ይነበባል፤ አንዱ ክንፍ ወለል ይፈገፍጋል፣ ሌላው ቁልፉ ከቀዳዳው አልገጥም ይላል፣ መሃሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ለመኝታ ቤቱ የሙሉ እንጨት ቁም ሳጥን ሊያሠራ የተነሣ ሰው አናጺውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን እንጨት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ደርቋል?» ነው። ያልደረቀ ዋንዛ ከደረቀ ባሕር ዛፍ የከፋ ቁም ሳጥን ይወጣዋል።

ይህ የትም አገር እውነት ቢሆንም ዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ይብሳል። ዝናቡ አጭር ነው፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ይቆማል። ሌላው ወራት ደረቅ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የቀኑ ፀሐይ ይጠብሳል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ደግሞ ይህን ልዩነት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እንጨት ከአየሩ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ውኃ ይሰጣል፣ ይቀበላልም። አዲስ የተቆረጠ ግንድ ውኃ ሲያጣ መጀመሪያ የሚወጣው በሕዋሳቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀመው ነው፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የውኃው መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን ከሕዋሳቱ ግድግዳዎች መውጣት ይጀምራል፤ መክሳቱም መጣመሙም ከዚህ በኋላ ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ቀለል ያለ፣ ፊቱ የነጣ፣ ሲነካ የማያረጥብ ጣውላ «ደርቋል» ተብሎ ይሸጣል፤ ዋናው መክሳት ግን ገና አልጀመረም።

ቁጥሩን እንየው። እንጨት በርዝመቱ ከቁም ነገር የሚገባ ለውጥ የለውም፤ የሚከሳው በጎኑ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ እንደ ዓይነቱና እንደ አሰነጣጠቁ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጣውላዎች ተጣብቀው አንድ በር ሲሆኑ የአንድ ጣት ስፋት ጠፋ ማለት ነው። በሩ ዙሪያውን በምስማርና በኮላ ከታሰረ ደግሞ የሚጠብበት ቦታ ስለሌለው ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ቫርኒሹን ከማድነቅዎ በፊት እንጨቱን ይመዝኑ። አናጺው ለበር ካዘጋጀው ጣውላ የመዳፍ ያህል ቁራጭ እንዲቆርጥልዎ ይጠይቁ፤ ግን ከጫፉ አይቀበሉ! የጣውላ ጫፍ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከጫፍ የተቆረጠ ናሙና ሁልጊዜ ጥሩ ዜና ያወራል። ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቁረጥ። «ጣውላው ይበላሻል» ካለዎ የቁራጩን ዋጋ ይክፈሉ፤ ከቁም ሳጥኑ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ቁራጩን ወዲያው በላስቲክ ይጠቅልሉና ግራም በሚያነብ ሚዛን ያስመዝኑ፣ ክብደቱንም ይጻፉ። ከዚያ ዳቦ ቤት ምድጃ ዳር ወይም እሳቱ በቀዘዘ ምጣድ ላይ፣ ሳይጠቁር፣ ቀስ እያለ ይድረቅ። በየሰዓቱ ይመዝኑት፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ክብደት ሲያሳይ አበቃ። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት ያካፍሉ። 150 ግራም የነበረው 125 ከቀረ፣ የጠፋው 25 ግራም ነው፤ 25 ለ125 ሲካፈል 20 በመቶ። ይህን ጣውላ ለበር አይቀበሉት። 140 የነበረው 125 ከቀረ 12 በመቶ ነው፤ ይህን ይውሰዱ። ከጠቆረና ከጨሰ ግን ውኃ ብቻ ሳይሆን እንጨቱ ራሱ ተቃጥሏልና ስሌቱ ዋጋ የለውም፤ ሌላ ቁራጭ ያስቆርጡ።

አንዱን ጣውላ መዝኖ ሁሉንም ማመን ሌላው ስሕተት ነው። አናጺ ቤት ከግድግዳ የተደገፈው ክምር አንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ዓመት የከረመ፣ ከኋላው ያለው ባለፈው ሳምንት የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ለናሙና የሚቀርበውም እጅ የሚደርስበት ነው። ለበሮቹ የሚውሉትን ጣውላዎች ራስዎ መርጠው በቾክ ምልክት ያድርጉ። ምድጃና ሚዛን ለማዞር ትዕግሥት ለሌለው ደግሞ እኔ የምወደው አቋራጭ ሰጋቱራው ነው፤ ጣውላው መሃሉ ላይ ሲቆረጥ የሚወድቀውን ትኩስ ሰጋቱራ በእፍኝ ጨብጦ መልቀቅ። እንደ ሊጥ ከተጣበቀና መዳፍን ካቀዘቀዘ እርጥብ ነው፤ እንደ ዱቄት በጣቶች መሃል ከፈሰሰ ወደ ሚዛኑ መሄድ ይቻላል። ሰጋቱራው ለመጣል እንጂ ለመቀበል አይበቃም፤ 15 እና 20 በመቶን አይለይም።

«አባቶቻችን ሚዛን አልነበራቸውም፤ እርጥብ ግንድ ቆርጠው የሠሩት ቤት ዛሬም ቆሟል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጋግራ በር አይደለም። ጣሪያ ላይ ያለ እንጨት ሁለት ጣት ቢጠም ሣሩ ወይም ቆርቆሮው አብሮት ይሄዳል። ቁም ሳጥን ያን ያህል ይቅርታ የለውም። እንዲያውም የጥንቱ ሥራ የሚመሰክረው ለእኛ ነው። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ በ12ኛው መቶ ዘመን ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የተሠራ ነው፤ የመስኮቶቹ ፍልፍል እንጨት ዛሬም ይታያል። ሕንፃው ያለው ትልቅ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይመታውም፣ ፀሐይ አይጠብሰውም። እንጨትን ዕድሜ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚያደክመው ሲረጥብ ሲደርቅ መኖር ነው።

ከዚህ የሚከተለው የእኔ ምርጫ ለአንዳንዱ የድህነት ምክር ይመስላል፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጽድ ወይም ወይራ ማሰንጠቅ። ምሰሶው ጥቀርሻ የለበሰ፣ መልኩ የማያምር ቢሆንም ለአሥርት ዓመታት በዚሁ አየር ውስጥ ደርቆ አርፏል፤ የሚጠመው ጠሞ፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቆ አብቅቷል። መላጊያ ሲያልፍበት ከሥር ቀይ ልቡ ይወጣል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ውስጡ የቀረ ምስማር የአናጺውን መጋዝ እንዳይሰብር፣ ከትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ አዲስ ነጭ ዱቄት እንዳይወርድ። ዱቄት ካለ ነቀዙ በሕይወት አለና ወደ ቤት አይግባ።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ዋንዛ ልከኛ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ጽድ ጉጥ ይበዛዋል፣ ሳይበሳ ምስማር ቢመታበት ይሰነጠቃል፤ ሽታው ብል ያርቃል ይባላል። በርኖስና ባና ያለው ሰው መደርደሪያውን በጽድ ቢያሠራ አይከፋም፤ ነገር ግን ሽታው በጊዜ ይደክማልና ሱፉን ፀሐይ ማስመታት አይቀርለትም። ባሕር ዛፍ ነጩም ቀዩም ጠንካራ ነው፤ በተለይ ከወጣት ዛፍ የተሰነጠቀው ሲደርቅ ብዙ ይከሳል፣ ይጠመዘዛል። ለእግርና ለመሠረት ይሁን፤ ለበር ግን አልመክርም።

ስም የሚጠየቅበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላም በ1999 እና በ2010 ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል። ሰው በግቢው ያሳደገው ዛፍ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ጣውላው ከየት እንደተቆረጠና የማጓጓዣ ወረቀት እንዳለው ይጠይቁ። በዋግና በላስታ ያረጀ ጽድና ወይራ በብዛት የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ መሆኑን ያስታውሱ፤ ምንጩ የማይነገር ርካሽ ጽድ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ አይሻልም?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በከፊልም ትክክል ነው። ቺፑድ እንደ ጣውላ በአንድ ጎኑ አይከሳም፣ በሩ ሲሠራ ቀጥ እንዳለ ይቀራል፣ ዋጋውም ይቀላል። በኪራይ ቤት ለሚኖርና ለሁለት ሦስት ዓመት ለሚፈልገው እርሱን ቢገዛ አልቃወምም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እግሩ እርጥብ ወለል ከነካ ያብጣል፣ ያበጠውም ቢደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም። ቁም ሳጥኑ በጠመዝማዛ መንገድ ተጭኖ ሲንገጫገጭ የማጠፊያው ብሎን ከተነቀለ ቀዳዳው ሁለተኛ አይይዝም። ሙሉ እንጨት ቀዳዳው ቢሰፋ በእንጨት ውታፍ ተደፍኖ እንደገና ይበሳል፤ በሩ ቢጠም ይላጣል። ለመጠገን የሚመች ዕቃ ጠጋኙ ቅርብ በሆነበት ከተማ ዋጋው ከፍ ይላል።

እንጨቱ ከተመረጠ ቀሪው ቀላል ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ይጨቃጨቁ። በሩ ከአንድ ወፍራም ሰሌዳ አይሠራ። ዙሪያውን ጠባብ ፍሬም ይኑረው፤ የፍሬሙ ማዕዘን አንዱ እንጨት ተቦርቡሮ የሌላው ምላስ ገብቶበት ይያያዝ፣ የመሃሉ ጣውላ ደግሞ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላና ያለ ምስማር ይቀመጥ። አናጺው «ይንቀጠቀጣል» ይል ይሆናል፤ ይበል። መሃሉ በቦዩ ውስጥ ሲከሳና ሲሰፋ ፍሬሙ አይነካም፣ በሩም ቅርጹን አይለቅም። ተሠርቶ ያለቀ የሚገዙ ከሆነ ፊቱን ትተው ጀርባውን፣ የመሳቢያውን ሥርና የመደርደሪያውን የታች ገጽ በስልክ መብራት ይዩ። እዚያ ቫርኒሽ ስለማይደርስ እንጨቱ እውነቱን ይናገራል፤ በሰጋቱራና በኮላ የተደፈነ ስንጥቅ ካገኙ ያ ዕቃ መክሳት ጀምሯል፣ አልጨረሰምም።

ልኩን ከቤቱ በር ስፋት ጋር አብረው ይውሰዱ፤ በብሎን ተፈታትቶ የሚገጠም ቢሆን ይመረጣል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ በክረምት ስለሚያረጥብ ጀርባው ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፣ እግሮቹም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁሙ፤ ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ በሩ የጠመመ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከእግሩ ነውና መጀመሪያ ድንጋዩን ያስተካክሉ። ቫርኒሽ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይቀባ፤ አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ጣውላ በአንድ ጎኑ ብቻ እየተነፈሰ ይጎብጣል።

የበሩ ክፍተት በወሩ ይወሰናል። ከጥር እስከ ግንቦት የተሠራ በር እንጨቱ በጣም በደረቀበት ጊዜ ስለሚገጠም ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር አየር ይተውለት፤ በነሐሴ የተሠራው ግን ጥብቅ ይሁን፣ ሲደርቅ ራሱ ይላላል። በመጀመሪያው ክረምት በሩ ቢጣበቅ መላጊያ የያዘ ሰው አያስጠጉ። በነሐሴ የተላጠ በር በጥር ክፍተቱ ድመት ያስገባል። ማጠፊያውን አላልተው በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ በጥቅምት መጨረሻ አሁንም የሚነካ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የነካበትን ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርገው ያስልጡ።