ለጓሮ አትክልት ስንት መኪና አፈር ልዘዝ?

ጥያቄ፦ ወልድያ አዲስ ቤት ሠርቼ ገብቻለሁ። ጓሮዬ ግን ከግንባታ የተረፈ ጠጠር ነው። 6 ሜትር በ5 ሜትር በሆነ ቦታ ጎመን፣ ሰላጣና ቃሪያ መትከል እፈልጋለሁ። ስንት መኪና ለም አፈር ላስመጣ?

መልስ፦ በመኪና ቁጥር ከመነጋገርዎ በፊት በሜትር ኩብ ያስሉ፤ የመኪናው መጠን ይለያያልና። ርዝመትን በወርድ፣ ከዚያም በጥልቀት ያባዙ። ጠጠሩን ለቅመው መሬቱን በዶማ ካለሰለሱት፣ ለእነዚህ አትክልቶች 20 ሴንቲ ሜትር አዲስ አፈር ይበቃል፦ 6 × 5 × 0.20 = 6 ሜትር ኩብ። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ስለሚሰጥም 20 በመቶ ይጨምሩ፤ 7.2 ይሆናል።

አሁን የመኪናውን ካሶኒ በሜትር ይለኩ። ውስጡ 4 ሜትር በ1.8 ከሆነና እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከተሞላ፣ የሚይዘው 3.6 ነው። ስለዚህ ሁለት ምልልስ ይበቃዎታል። ከጠቅላላው ሩቡን በደንብ በበሰበሰ ፍግ ከተኩ ደግሞ የሚገዙት አፈር 5.4 ብቻ ነው። ትኩስ እበት ግን አይጠቀሙ፤ ሥር ያቃጥላል።

እንደ መርሳ ከተማ ሰዎች ማንጎ ወይም ፓፓያ መትከል ካሰቡ ጓሮውን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ጎኑም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጉድጓድ 0.22 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል።

አፈሩን ክረምት ሳይገባ፣ ደረቅ ሳለ ያስጭኑ። ከየት እንደሚመጣም ይጠይቁ፤ ከግንባታ ቦታ የተነሣ የላይ አፈር ይግዙ እንጂ ከገበሬ ማሳ የተገፈፈ አይቀበሉ። የተገፈፈ ማሳ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።